የዙፋን ውርስ፦ ጣና ላይ በጀልባ ስንሄድ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ላይ አስጎብኚ ነኝ። ከከተማው ተነስተን ደሴቱ ላይ ካለው ገዳም ከዳጋ እስጢፋኖስ እስክንደርስ በሞተር ጀልባ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ስንሄድ ወሬው ስለ ጉማሬ፣ ስለ አሳ፣ ስለ ደንገል ታንኳ ነው። ስንመለስ ግን ሌላ ነው። በዳጋ ዕቃ ቤት የነገሥታቱን አስከሬን በመስታወት ሣጥን ውስጥ ያየ ሰው ዝም ብሎ አይመለስም። "ይኼኛው የዚያኛው ልጅ ነው? ታዲያ ወንድሞቹ የት ሄዱ? ማን መረጠው?" እያለ እስከ ባሕር ዳር ይጠይቀኛል።

መልሶቹን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ "ዓ.ም." ያልኩበት በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ሌላው ሁሉ በአውሮፓውያን።

ንጉሥ ሲሞት ዙፋኑ ባዶ ይሆናል?

በውርስ ንግሥና ደንቡ "አይሆንም" ነው። ንጉሡ እስትንፋሱ ስትወጣ ወራሹ በዚያችው ቅጽበት ነግሧል ይባላል። የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ ሴፕቴምበር 8 ቀን 2022 ስታርፍ ልጇ ቻርልስ በዚያው ሰዓት ንጉሥ ሆነ። ዘውድ የጫነው ግን ሜይ 6 ቀን 2023 ነው። በመካከሉ ያሉት ስምንት ወራት ንጉሥ የሌለባቸው አልነበሩም።

በእኛ አገር ይኸው ሐሳብ በአንድ አዋጅ ውስጥ አለ። ነጋሪት ተጎስሞ "ሞትንም እኛ፣ አለንም እኛ!" ይባል ነበር። ገበሬው እርሻውን፣ ነጋዴው ንግዱን እንዳያቆም ነው። እኔ ይህን አባባል በሰማሁት ቁጥር ይገርመኛል። ሞትን የሚለውም አለን የሚለውም አንዱ ዙፋን ነው። ሰውየው ቢሄድም ዙፋኑ አይሞትም።

በተግባር ግን ያቺን ክፍተት ሁሉም ይፈራት ነበር። አፄ ምኒልክ ዲሴምበር 1913 ሲያርፉ ሞታቸው ከሕዝብ ተደብቆ ቆየ። ወራሹን፣ የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን፣ ገና በ1909 በአዋጅ አሳውቀው፣ ከቃላቸው የሚወጣውን ረግመው ነበር እኮ። ወራሽ እያለ ሞት የሚደበቅ ከሆነ የውርሱ ነገር ያን ያህል አስተማማኝ አልነበረም ማለት ነው።

ሁልጊዜ የሚወርሰው የመጀመሪያው ልጅ ነው?

አይደለም። ብዙ ሰው እንደዚያ የሚመስለው የአውሮፓን ወሬ በቴሌቪዥን ስለሚያይ ነው።

አንዱ መንገድ የበኩር ልጅ መንገድ ነው። እሱም ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም። ባንዳንድ አገር ወንድ ካለ ታላቅ እህቱ ትቀራለች፤ ወንድ ከሌለ እሷ ትወርሳለች። በሌላው ሴት ጨርሶ አትቆጠርም። በሌላው ደግሞ ወንድም ሴትም እኩል ነው፣ ቀድሞ የተወለደ ይወርሳል። ሁለተኛው መንገድ ከወንድም ወደ ወንድም ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ ጥሩ ምሳሌ ናት። መሥራቹ ንጉሥ አብዱልአዚዝ በ1953 ካረፉ ጀምሮ የነገሡት ስድስቱም የእሳቸው ልጆች ናቸው፣ አንዱ ሲሞት ሌላው ወንድም እየተካ። በዚህ መንገድ ሕፃን አይነግሥም፤ ችግሩ ነገሥታቱ ዙፋኑ ላይ የሚወጡት አርጅተው መሆኑ ነው።

ሦስተኛው፣ ቤተሰቡ ወይም መኳንንቱ ከንጉሡ ዘር ውስጥ ይመርጣሉ። ማሌዥያ ደግሞ ለብቻዋ ናት፤ ዘጠኝ በውርስ የነገሡ ገዢዎች አሏት፣ ከመካከላቸው አንዱ ለአምስት ዓመት የአገሪቱ ንጉሥ ይሆናል። የእኛዋ ኢትዮጵያ ወደ ሦስተኛው መንገድ ትጠጋለች።

ታዲያ ኢትዮጵያ ውስጥ ሕጉ ምን ነበር?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም ሁሉም ነገር የሚመጣው ከዚህ ነው።

ነገሥታቱ ከየት ቤት እንደሚመጡ የታወቀ ነው። ክብረ ነገሥት እንደሚለው ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ ዘር መሆን አለባቸው። ይኩኖ አምላክ በ1270 ከዛጉዌ ዙፋኑን ሲወስድ "የሰሎሞን ዘር ተመለሰ" የተባለው በዚህ ነው። የይኩኖ አምላክ አስከሬን ዳጋ ላይ ነው ያለው። ማንም የመንግሥት ዘር ነኝ የሚል ሰው ሐረጉን ቆጥሮ እዚህ ቤት ላይ ካላደረሰው ሰሚ አያገኝም ነበር።

የትኛው ልጅ ይንገሥ የሚለው ግን አልተወሰነም። የበኩር ልጅ ትልቅ ዕድል ነበረው፣ ግዴታ ግን አልነበረም። አባቱ የተናዘዘለት ልጅ ዕድል ነበረው፣ እሱም ግዴታ አልነበረም። እናቲቱ ከማን ወገን ናት፣ ጦሩን የያዘው ራስ ከማን ጋር ነው፣ ጳጳሱና እጨጌው ማንን ይቀባሉ፣ ይህ ሁሉ ይቆጠራል። ውጤቱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የይኩኖ አምላክ ልጅ ይግባ ጽዮን በ1294 ሞተ፤ ከዚያ እስከ 1299 ድረስ ባሉት አምስት ዓመታት አምስት ነገሥታት ተፈራረቁ። አምስት! ቤቱ አንድ ነው፣ ዘሩ አንድ ነው፣ የሚወርሰው ግን ማን እንደሆነ የሚለይ ደንብ የለም።

በእኔ እምነት ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። "በውርስ ነው" ማለት ግማሽ መልስ ነው። ቀሪውን ግማሽ ሕጉ ካልመለሰ ሰይፍ ይመልሰዋል።

ያልነገሡት ወንድሞች የት ይሄዱ ነበር?

ወደ አምባ።

መስከረም 21 ግሸን ማርያም የምትሳለሙ ብዙዎች ናችሁ። ያ አምባ ለረጅም ዘመን የነገሥታት ልጆች እስር ቤት እንደነበር ስንነግራቸው ግን የሚደነግጡ አሉ። ከዚያ በፊት ደብረ ዳሞ ነበር ይባላል። ትውፊቱ የግሸንን እስር የሚያያይዘው ቅድም ካልኳችሁ ከእነዚያ አምስት ዓመታት ጋር ነው። አንዱ ሲነግሥ ወንድሞቹ፣ የወንድሞቹ ልጆች፣ የአጎቶቹ ልጆች ሁሉ ወደ አምባው ይወጣሉ። በር ላይ ዘበኛ አለ። እዚያው ያድጋሉ፣ ይማራሉ፣ ይጸልያሉ፣ ያገባሉ፣ ይወልዳሉ፣ ይሞታሉ። ጥፋታቸው መወለዳቸው ነው።

አፄ ዘርዓ ያዕቆብን ውሰዱ። አባቱ ዳግማዊ ዳዊት ይሉታል አንዳንዶች፣ ሌሎች ቀዳማዊ፤ ብቻ በ1413 የሞተው ዳዊት ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት 21 ዓመታት ከአምስት የሚበልጡ ነገሥታት አለፉ። በ1434 ተራው ሲደርስ ዘርዓ ያዕቆብን ያወረዱት ከግሸን ነው። ዕድሜው ሠላሳዎቹ አጋማሽ ላይ ነበር። እንግዲህ አስቡት፣ ጉልምስናውን በተዘጋ ተራራ ላይ ያሳለፈ ሰው በአንድ ጀንበር የአገር ንጉሥ ሆነ። ዘመኑን ሙሉ ሰው የማያምን ብርቱ ገዢ ነበር ሲባል እኔ አይገርመኝም። አባትና ልጅ ዛሬ ዳጋ ላይ በአንድ ቤት ናቸው።

ግሸን በግራኝ ጦርነት ጊዜ ጠፋ። ነገሩ ግን አልጠፋም። አፄ ፋሲል በጎንደር ዘመን ልማዱን ወህኒ በሚባል አምባ ላይ መልሰው አቋቋሙት፤ ከጣና ሰሜን ምሥራቅ በበለሳ አቅጣጫ ነው። ዛሬ እስር ቤቱን "ወህኒ" የምንለው ከዚያ አምባ ስም ተነስተን ነው። ፋሲል በ1667 ሲያርፉ መኳንንቱ ተሰብስበው ልጃቸውን ዮሐንስን አነገሡ፤ የቀሩትን ልጆች ወህኒ አወጧቸው።

አንዳንድ ሰው "ጭካኔ ነው" ይለኛል። ነው። ግን ሌላው ዓለም ምን ያደርግ እንደነበርም እናውቅ። በኦቶማን ቱርክ ሦስተኛው ሱልጣን መሐመድ በ1595 ሲነግሥ 19 ወንድሞቹን በአንድ ጊዜ አሳንቋል። ከዚያ በኋላ ነው እነሱም መግደሉን ትተው ወደ ማሰር የዞሩት። የእኛ አምባ ቢያንስ ሕይወት ያቆይ ነበር። ንጉሡ ያለ ልጅ ቢሞት ወደ አምባው ተልኮ ሌላ ይመጣል፤ የዘር መጠባበቂያ ነበር ማለት ይቻላል። ለሚታሰረው ልጅ ግን ይህ ምን ያጽናናዋል?

አምባው ላይ ካሉት ማን ይመርጥ ነበር?

ቁልፉን የያዘው ሰው። መልሱ ይኸው ነው፣ ግን ምሳሌ ልስጥ።

በ1769 የትግራዩ ራስ ሚካኤል ስሑል አፄ ኢዮአስን አስገደለና ወደ ወህኒ ላከ። የመጣው ከሰባ ዓመት በላይ የሆነው የአፄ በካፋ ወንድም ነበር። ይህ ሽማግሌ አንድ እጁ የተቆረጠ ነው፤ ድሮ ከአምባው ለማምለጥ በመሞከሩ ነው የተቀጣው። አካሉ የጎደለ አይነግሥም የሚል ልማድ ስለነበር ቅጣቱ ዙፋኑንም የሚነሳ ነበር። ራስ ሚካኤል ግን አነገሡት፣ ዳግማዊ ዮሐንስ ተባለ። ሽማግሌው "ጦር ሜዳ አልወጣም" አለ። በዚያው ዓመት ተመርዞ ሞተ፣ ልጁ ተክለ ሃይማኖት ተተካ።

ዘመነ መሳፍንት የሚባለው ከዚህ ይጀምራል፣ እስከ 1855። በዚህ ዘመን ንጉሥ ይነግሣል፣ የሚገዛው ግን ጦሩን የያዘው ራስ ነው። አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ስድስት ጊዜ ነግሠው ስድስት ጊዜ ወርደዋል። "ፍጻሜ መንግሥት" የተባሉት እሳቸው ናቸው።

ዳጋ ላይ ያለው ዘድንግል ማነው? ሌሎቹን እናውቃቸዋለን፣ እሱን ግን አናውቀውም።

እኔ ብዙ የምቆምበት እሱ ጋ ነው። የነገሠው ከ1603 እስከ 1604 ብቻ ነው። ታሪኩ ግን የውርስ ጣጣ ምን እንደሚመስል ከማንም በላይ ያሳያል፣ ደግሞ ሁሉም የሆነው እዚሁ ጣና ዙሪያ ነው።

አፄ ሠርፀ ድንግል ከሕጋዊ ሚስታቸው ወንድ ልጅ አልነበራቸውም። መጀመሪያ ያሰቡት የወንድማቸውን ልጅ ዘድንግልን ነበር። ዘድንግል ለአቅመ አዳም የደረሰ፣ ሐሳብ ያለው ሰው ነው። በኋላ ግን ሐሳባቸውን ለወጡና ከሌላ ሴት ለወለዱት ለያዕቆብ አሉ። በ1597 ሲሞቱ ያዕቆብ ሰባት ዓመቱ ነበር። እቴጌዪቱና መኳንንቱ ወዲያው ያዕቆብን አነገሡ። ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ሰባት ዓመት የሆነው ንጉሥ ማንንም አያዝም። ዘድንግልን ጣና ውስጥ ደሴት ላይ አሰሩት፣ እሱ ግን አመለጠ።

ያዕቆብ አደገና "እኔ ልግዛ" አለ። ያነገሡት ሰዎች ይህን አልወደዱም። በ1603 አውርደው ወደ እናርያ ሰደዱት፣ ዘድንግልንም ፈልገው አመጡ። ዘድንግልም እንደታሰበው አልሆነላቸውም። ያወጣው ሥርዓት መኳንንቱን አስቆጣ፣ ከካቶሊኮቹ ከኢየሱሳውያን ሚስዮኖች ጋር መቅረቡም ሌላ ቁጣ ጨመረ። በ1604 ደምቢያ ላይ ጦርነት ተነሳና እዚያው ተገደለ። ከዚያ ያዕቆብ እንደገና መጣ፤ በሌላ በኩል ደግሞ የልብነ ድንግል የልጅ ልጅ ልጅ የሆነው ሱስንዮስ ተነሳ። በ1607 ጎጃም ውስጥ ጎል በሚባል ቦታ ተጋጠሙና ያዕቆብ ሞተ።

ሦስት ሰዎች ናቸው። ሦስቱም የንጉሥ ዘር፣ ሦስቱም "ይገባኛል" ለማለት ምክንያት ያላቸው። ማንኛቸውም አልዋሹም። የሚዳኛቸው የተጻፈ ሕግ ግን አልነበረም። ዘድንግል ፊት ስቆም የማስበው ይህንን ነው።

ንጉሥ በሕይወት እያለ ለልጁ መልቀቅ ይችላል?

ይችላል። ዛሬ ዛሬ እየተለመደም ነው። የጃፓኑ አኪሂቶ ኤፕሪል 30 ቀን 2019 ለቀቁ፣ በማግሥቱ ልጃቸው ናሩሂቶ ነገሡ። የዴንማርኳ ማርግሬተ ጃንዋሪ 14 ቀን 2024 ለልጃቸው ለቀቁ። የእንግሊዙ ኤድዋርድ ስምንተኛ ግን በዲሴምበር 1936 የለቀቀው ለወንድሙ ነው፤ ማግባት የፈለጋት ሴት ተከልክሎ።

የእኛው የሚታወቀው አፄ ሱስንዮስ ነው። ካቶሊክ ሆኖ አገሩን ሁሉ ካቶሊክ ላድርግ ብሎ ደም ፈሰሰ። በ1632 ወይና ደጋ ላይ ድል ቢያደርግም የሞቱት የገዛ ሕዝቡ ነበሩ። ያን ዓመት የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ አዋጅ አስነግሮ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲል ሰጠ። በዚያው ዓመት አረፈ። ያለ ጦርነት ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ንግሥና በዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነው፤ እኔ ሱስንዮስን በብዙ ነገር ብወቅሰውም በዚህ አመሰግነዋለሁ።

ሌላኛው ታሪክ ልብ ይሰብራል። አድያም ሰገድ ኢያሱ፣ ታላቁ ኢያሱ የምንላቸው፣ የሚወዷት ዕቁባታቸው ሞተችባቸውና ኀዘኑ ሲከብዳቸው ወደ ጣና ደሴት ገብተው ተቀመጡ። ዙፋኑን ለማንም አልሰጡም። ጎንደር ያሉት ግን "ንጉሡ ትተውታል" ብለው በ1706 ልጃቸውን ተክለ ሃይማኖትን አነገሡ። ኢያሱ በዚያው ዓመት እዚሁ ሐይቅ ላይ ተገደሉ። ገዳዮቹ ከልጁ እናት ወገን ነበሩ። ያረፉት ምጽራሐ ደሴት ነው። ወህኒ ላይ የታሰሩት ዘመዶቻቸው ተጎሳቁለው አይተው ያዘኑና ኑሯቸውን ያሻሻሉ ንጉሥ ናቸው የተባለላቸው እኚሁ ኢያሱ ናቸው። ልጃቸውን ሕዝቡ "ርጉም ተክለ ሃይማኖት" አለው። በሁለት ዓመቱ እሱም ተወግቶ ሞተ፤ የነገሠው አጎቱ ቴዎፍሎስ ደግሞ የኢያሱን ገዳዮች ቀጣ።

ስለዚህ መልቀቅ ይቻላል፣ ግን በግልጽ ይነገር፣ በአዋጅ ይሁን። ዝም ብሎ መሄድ ከመልቀቅ የከፋ ነው።

ሴት ልትወርስ ትችላለች?

እንደ አገሩ ነው። ስዊድን በ1980 መጀመሪያ ሕጉን ቀይራ ወንድና ሴትን እኩል አደረገች። አልጋ ወራሽ ሆኖ የተወለደው ልዑል ካርል ፊሊፕ በሰባት ወሩ ቦታውን ለታላቅ እህቱ ለቪክቶሪያ ለቀቀ። ሆላንድ፣ ኖርዌይ፣ ቤልጅየም፣ ዴንማርክ ተከተሉ። እንግሊዝም ከኦክቶበር 28 ቀን 2011 በኋላ ለሚወለዱት እንደዚያው አድርጋለች። በጃፓን ግን የ1947ቱ ሕግ ለወንድ ዘር ብቻ ይላል፤ ስለዚህ የንጉሡ አንድያ ልጅ አይኮ አትወርስም፣ ተራው የአጎቷ ከዚያም የአጎቷ ልጅ ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ ሴቶች ኃይል ነበራቸው፣ ዘውዱን በራሳቸው ስም መውረሱ ግን አልተለመደም። እቴጌ ምንትዋብ ዘውድ ጭነዋል፤ የጫኑት ግን ከሕፃን ልጃቸው ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር ነው። በራሷ ስም ንግሥተ ነገሥታት የተባለችው ዘውዲቱ ናት፣ የምኒልክ ልጅ። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሲሻር እሷ ተመረጠች፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1917 ዘውድ ጫነች። ግን በዚያው በመስከረም 17ቱ ውሳኔ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሆኖ ከጎኗ ተቀመጠ። ባሏን ራስ ጉግሣ ወሌንም ለዩባትና የበጌምድር ገዥ ሆኖ ወደዚህ ወደ እኛ አገር መጣ። በ1930 ተፈሪን ወግቶ በማርች መጨረሻ አንቺም ላይ ተገደለ፤ ዘውዲቱ ከቀናት በኋላ አረፈች። ይህን ስነግራቸው ሴት እንግዶቼ ዝም ይላሉ። ዘውዱን ሰጧት፣ ቀሪውን ሁሉ ወሰዱባት።

ወራሹ ሕፃን ከሆነስ?

እንደራሴ ይቆማል። እንደራሴ ማለት ቃሉ ራሱ እንደሚለው ነው፣ "እንደ ራሴ"፤ በንጉሡ ቦታ የሚሠራ። ብዙ ጊዜ እናት ናት። ምንትዋብ በ1730 ለልጇ ለኢያሱ፤ እቴጌ እሌኒ ደግሞ እናቱ ባትሆንም ለልብነ ድንግል።

አደጋው እንደራሴዎች ሁለት ሲሆኑ ነው። ምንትዋብ ልጇ በ1755 ሲሞት የልጅ ልጇን ኢዮአስን አነገሠችና እንደገና እንደራሴ ልሁን አለች። የኢዮአስ እናት ውቢት ግን "እናቱ እኔ ነኝ፣ ተራው የኔ ነው" አለች። እውነቷን ነው! ምንትዋብም ያን ጊዜ በዚሁ ምክንያት ነበር እንደራሴ የሆነችው። የምንትዋብ ወገን ቋራ፣ የውቢት ወገን የወሎ ኦሮሞ፤ ሁለቱን ለማስታረቅ ተብሎ ራስ ሚካኤል ስሑል ከትግራይ ተጠራ። የመጣው ምን እንዳደረገ ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

ዘውድ ያልጫነ ንጉሥ ንጉሥ ነው?

ነው። ኤድዋርድ ስምንተኛ ዘውድ ሳይጭን ለአሥራ አንድ ወር ገደማ ነግሧል። ልጅ ኢያሱም አገር ገዝቷል፣ ግን ሥርዓተ ንግሡ ስላልተፈጸመ እስከ ዛሬ "አፄ" ሳይሆን "ልጅ" ነው የምንለው። ሕጉ አይጠይቅም፣ ሰው ግን ይፈልጋል። የተቀባን ንጉሥ ማውረድ ለኅሊናም ይከብዳል።

ቴዎድሮስስ? ከየትኛው ቤት ነው?

ከጣና ማዶ፣ ከቋራ። ካሣ ኃይሉ የነገሠው በውርስ አይደለም፣ በጦርነት ነው። በ1855 ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ ከጫነ በኋላ ግን እሱም ሐረጉን ከሰሎሞን ጋር አያይዞታል። ጉልበት ዙፋኑን ይሰጣል፣ ዙፋኑ ላይ ለመቆየት ግን ዘር መቁጠር አስፈላጊ ነበር።

በመጨረሻ ሕግ አልተጻፈም እንዴ?

ተጻፈ፣ ግን ዘግይቶ። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ንግሥናው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘር እንዳይወጣ ደነገገ። የ1948 ዓ.ም.ቱ ደግሞ ተራውን ዘርዝሮ ጻፈ፣ በወንድ ልጅና በልደት ቅደም ተከተል። ለዘመናት የጎደለው "የትኛው ልጅ?" የሚለው መልስ በወረቀት ላይ መጣ።

ከዚያስ? አልጋ ወራሹ አስፋ ወሰን በ1973 መጀመሪያ ላይ በስትሮክ ተመታ። ንጉሡ በሚያዝያ 1966 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን፣ እንግሊዝ የሚማረውን ዘርዓ ያዕቆብን በተጠባባቂነት ሰየሙ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ወረዱ። ደርጉ መጀመሪያ አስፋ ወሰን ንጉሥ ይሁን አለ፣ በመጋቢት ዘውዱን ጨርሶ ሻረ። የተጻፈው ሕግ አንድም ጊዜ ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ።

ባሕር ዳር ከአባይ በላይ ያለውን የቤዛዊት ቤተ መንግሥት ከሩቅ ሳሳያችሁ "ዛሬ ቢሆን ማን ይወርሰው ነበር?" ትሉኛላችሁ። የዙፋኑ ሕግ ስለሌለ ወራሽ የሚባል ሰው በሕግ የለም። ቤተሰቡ ውስጥ ማን ታላቅ ነው የሚለው የቤተሰቡ ነገር ነው።

ዳጋ ሴት አትገባም፤ ታዲያ እኛ ምን እንይ?

እውነት ነው፣ ዳጋ እስጢፋኖስ ለሴት አይፈቀድም፣ ክብራን ገብርኤልም እንዲሁ። ዘጌ ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግቡ፣ ዕቃ ቤቱ ውስጥ የነገሥታት ዘውዶች አሉ። ከዚያ ከዳጋ አጠገብ ደቅ ደሴት ላይ ናርጋ ሥላሴ ሂዱ። ያሠራችው ምንትዋብ ናት። ሥዕሉ ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ ምንትዋብ ከእግሯ ሥር ተደፍታ ታገኟታላችሁ። እኔ ሁለት ጊዜ እንደራሴ ለመሆን የታገለችውን ሴት ታሪክ የምነግረው እዚያ ሥዕል ፊት ነው፣ ከወንዶቹ ጋር ዳጋ ላይ ከምናገረው አያንስም። ብቻ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እንነሳ፣ ከሰዓት በኋላ ጣና ይናወጣል።